በ3 ፓውንድ ከ50 የገዛሁት ሸክላ እና እንግሊዝ ውስጥ የሌሉት ወፎች

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ዘፈኑ «ኢንግሊሽ ካንትሪ ጋርደን» ይባላል። ዘፋኙ ጂሚ ሮጀርስ ነው፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1962። የገዛሁት ትንሿን ሸክላ ነው፣ በደቂቃ 45 ዙር የምትሽከረከረውን፣ ያገለገለች። ሸክላዋ 3 ፓውንድ ከ50፣ መላኪያው 4 ፓውንድ። አዎ፣ መላኪያው ከሸክላው ይበልጣል። ለዘፈኑ ከ5 ኮከብ 4፣ ለሻጩ 2፣ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ሳላነብ ለከፈልኩት ለራሴ ደግሞ 1።

«ኢንተርኔት ላይ በነፃ እያለልህ ሸክላ ምን አስገዛህ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እንግሊዝ እንደመጣሁ ኦክስፎርድ ውስጥ አንዲት ባልቴት ቤት ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራዬ ሰሃን ሲያጥቡ ይዘፍናሉ፣ ሁሌም ይህንኑ ዘፈን። የዘፈኑ የመጀመሪያ ክፍል የአበባ ስም ዝርዝር ነው፣ እሳቸው ደግሞ ቢጫ የላስቲክ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ፣ አረፋው በክርናቸው እየወረደ፣ አበቦቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ይቆጥራሉ። አበቦቹ 12 ናቸው። ጣት 10 ነው። እና ሁሌ መጨረሻው ላይ ጣት ያልቅባቸዋል። ያኔ ወደኔ ዞር ይሉና «እስቲ ሁለት ጣት አበድረኝ ልጄ» ይሉኛል፣ እኔም ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሁለት ጣቴን እዘረጋለሁ፣ በእርጥብ ጓንት ቆንጠጥ አድርገው ይዘው ይጨርሳሉ። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ግማሾቹ የአበባ ስሞች መሆናቸው እንኳ አይገባኝም ነበር። ብቻ ጣቴን እሰጣለሁ።

ወፎቹ ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ይለወጣል። «እነዚህ ወፎች የኛ አይደሉም!» ይሉና ቧንቧውን ባለ በሌለ ኃይሉ ይከፍቱታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ሽማግሌ ሲቆጣ ምን ተብሎ ይጠየቃል።

ሸክላውን ሳሎን ውስጥ ከመጻሕፍቱ ጎን ያስቀምጡት ነበር። ቤቱን ከለቀቅኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ። ልጆቻቸው ቤቱን ሲያጸዱ ሸክላውን ስጡኝ ማለት አማረኝ፣ አፈርኩና ተውኩት። የት እንደገባ አላውቅም። ያው፣ ስለዚህ ነው የገዛሁት።

አሁን ወደ ዕቃው። ሻጩ «በጣም ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» ብሎ ነበር የጻፈው። ፖስታው በጥንቃቄ ታሽጓል፣ ሁለት ካርቶን መሀል አድርጎታል፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ስከፍተው ግን የሸክላው መሀል የለም! በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የሚታተሙት ትንንሽ ሸክላዎች መሀላቸው ትንሽ ቀዳዳ ያለው ክፍል ነበራቸው፣ ሲፈለግ ተገፍቶ የሚወጣ። ቡና ቤቶች ውስጥ የነበሩት ሳንቲም የሚጎርሱ የሙዚቃ ማሽኖች ሰፊ ቀዳዳ ስለሚፈልጉ ባለማሽኖቹ እያወጡ ይጥሉት ነበር። የኔዋም ከነዚያ አንዷ ሳትሆን አትቀርም። እንዲህ ያለው ሸክላ መሀሉን የሚሞላ አዳፕተር ካላደረጋችሁለት ማጫወቻው ላይ እንደ ሰካራም ይዋልላል። አዳፕተሩ ርካሽ ናት፣ ከተራ ፕላስቲክ የተሠራች፣ ግን ሌላ ግዢ፣ ሌላ መላኪያ፣ ሌላ አራት ቀን ጥበቃ። ማስታወቂያው ግርጌ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር ለካ።

ድምፁስ? መጀመሪያ ላይ ይንጣጣል። ለስላሳ ጨርቅና በተጣራ ውሃ ሳጸዳው ግማሹ ጠፋ፣ የቀረው ግማሽ አይረብሸኝም። አከራዬም ቤት ይንጣጣ ነበር፣ በመጥበሻ ድምፅ እያሳበብን እንሰማው ነበር። አንድ ቦታ ብቻ፣ ነፍሳቱ የሚዘረዘሩበት ክፍል ላይ፣ መርፌው ይዘላል። የሸክላውን ጀርባ አንድ ጊዜ ሰማሁት፣ አልመለስበትም።

ለመግዛት ለምታስቡ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጂሚ ሮጀርስ የሚባሉ ሁለት ታዋቂ አሜሪካውያን ዘፋኞች አሉ። አንደኛው የካንትሪ ሙዚቃ አባት የሚባለው ነው፣ በ1897 ተወልዶ በ1933 የሞተው። የኛው ሰውዬ ደግሞ በዚያው በ1933 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ካማስ በምትባል ከተማ ተወለደ፣ በ2021 አረፈ። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዝምድና የላቸውም። ስሙን ብቻ ጽፋችሁ ከፈለጋችሁ ግማሹ ውጤት የመጀመሪያው፣ ባቡር ሠራተኛ የነበረው ሰውዬ ዘፈን ነው የሚሆንባችሁ። የዘፈኑን ርዕስ ጨምሩበት።

ዘፈኑ ራሱ ከ3 ደቂቃ ያነሰ ነው። ሦስት ክፍል አለው፣ አበቦች፣ ነፍሳት፣ ወፎች። እያንዳንዱ ክፍል እንቆቅልሽ በሚመስል ጥያቄ ይጀምራል፣ ስንት ዓይነት ይገኛል ብሎ፣ ከዚያ መልሱን ይዘረዝራል። በቃ ይኸው ነው። ታሪክ የለው፣ ፍቅር የለው፣ መለያየት የለው። የገበያ ዝርዝር በዜማ በሉት። ሮጀርስ ደግሞ አይጮህም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ጎረቤት በአጥር ላይ ተደግፎ እንደሚያወራ ዓይነት። በ1962 እንግሊዝ ውስጥ በሽያጭ እስከ 5ኛ ደረጃ ወጥቷል። የገዛው ሕዝብ ከነአትክልት ቦታው አብዶለት ነበር ማለት ነው።

ዝርዝሩን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ስኖውድሮፕ የምትባለው ነጭ፣ አንገቷን የደፋች አበባ በጃንዋሪና በፌብሯሪ ብርድ ነው የምትወጣው። ዳፎዲል ማርች ላይ ነው። ሌዲስሞክ ኤፕሪል ላይ ነው፣ ኩኩ የሚባለው ወፍ ከአፍሪካ በሚመለስበት ሰሞን፣ ለዚህም እንግሊዞች «የኩኩ አበባ» ይሏታል። ፎክስግሎቭ ጁን ላይ። ሆሊሆክ ከሰው ቁመት በላይ ተመዝዛ የምታብበው ከጁላይ ወዲህ ነው። ስለዚህ የትኛውም የአትክልት ቦታ ብትገቡ 12ቱን ባንድ ቀን አብበው አታገኟቸውም። ጄንሺያን ደግሞ በባሕርይዋ የተራራ ልጅ ናት። ይህ የአትክልት ቦታ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ካልጠበቁት የማይታይ ነው፣ ወይም ደግሞ ከአገሩ ርቆ በትዝታ የሚያየው ሰው የአትክልት ቦታ ነው። ሰው ሲናፍቅ ወር አይለይም።

እና ወፎቹ! አሁን ነው የአከራዬ ቁጣ የገባኝ። ኩኩው ይሁን፣ ናይቲንጌሉም ይሁን፣ እሱም በጸደይ ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣ የእንግሊዝ እንግዳ ነው፣ ምንም እንኳ ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ቁጥሩ እጅግ አሽቆልቁሎ ዛሬ ሰምቶት የሚያውቅ እንግሊዛዊ ብዙ ባይሆንም። ቦቦሊንክ ግን የአሜሪካ ወፍ ነው። ታናጀር የአሜሪካ ወፍ ነው። ብሉበርድም የአሜሪካ ነው። ካርዲናል ማለት ያ ደማቅ ቀይ፣ ቁንጮ ያለው ወፍ ሲሆን 7 የአሜሪካ ግዛቶች የግዛታችን ወፍ ብለው የመረጡት ነው፣ አገሩንም ለቆ የሚሰደድ ዓይነት አይደለም። እንግሊዝ አገር የሚያዩት ካርዲናል ወይ ስዕል ነው ወይ በሽቦ ቤት የተዘጋበት ወፍ። ነፍሳቱም ዘንድ ያው ነው። እየበረረ የሚያበራው ፋየርፍላይ የአሜሪካ የበጋ ምሽት ትዝታ ነው፣ የእንግሊዟ አብሪ ትል ክንፍ የላትም፣ ሳር ላይ ተቀምጣ ነው የምታበራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች በዶቨር ነጭ ገደሎች ላይ ብሉበርድ ይበራል ብለው የዘፈኑት ዘፈን እንኳ ግጥሙ የአሜሪካዊ ነው። አሜሪካውያኑ ወፎቻቸውን ይዘውባቸው ይመጣሉ ማለት ነው እንግዲህ።

ዜማው ግን ከሮጀርስ በፊት ረጅም ዕድሜ አለው፣ ጎበዝ ከሆናችሁ እሱንም ስሙት። ሞሪስ የሚባል የገጠር ወንዶች ጭፈራ አለ፣ እግራቸው ላይ ቃጭል አስረው ነጭ መሐረብ እያወዛወዙ የሚጨፍሩት። ኦክስፎርድ ዳር ሄዲንግተን ውስጥ ዊልያም ኪምበር የሚባል ግንበኛ ኮንሰርቲና የምትባል፣ አኮርዲዮን የምትመስል ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ይጫወት ነበር። በ1899 ገና ማግስት ብርዱ ከርሮ የግንባታ ሥራ ቆመ፣ እነ ኪምበር ሥራ ፈቱ፣ ሳንቲም ለማግኘት ያለወቅቱ ወጥተው ጨፈሩ። ሰሲል ሻርፕ የሚባለው የሙዚቃ መምህር በአጋጣሚ እዚያ ነበር፣ አያቸው፣ በማግስቱ ኪምበርን አስጠርቶ ዜማዎቹን በኖታ መጻፍ ጀመረ። የኛም ዜማ ቆየት ብሎ ከዚሁ ሰው በሻርፕ እጅ ገባ። ከአከራዬ ቤት እስከ ሄዲንግተን በአውቶቡስ ጥቂት ደቂቃ ነው። እሳቸው ይህን ያውቁ እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ፐርሲ ግሬንጀር በ1918 ለፒያኖ አቀናበረው። ግሬንጀር አውስትራሊያዊ ነው፣ ሜልበርን የተወለደ፣ ያኔ አሜሪካ ሆኖ የወታደር ባንድ ውስጥ ያገለግል ነበር። ሌላው አቀናባሪ ሁሉ በጣሊያንኛ «ክሬሸንዶ» ብሎ በሚጽፍበት ቦታ እሱ በተራ እንግሊዝኛ «ይጩህ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። ቅንብሩ እንደ ጉድ ተሸጠ፣ እሱም ሄዶ ሄዶ ሰለቸው፣ በየሄደበት ያንን ካልተጫወትክ እየተባለ። የፒያኖው ቅጂ ፈጣን ነው፣ ዘለል ዘለል ይላል፣ የዘመኑ ልጅ ፒያኖ የሚማር ካለ ደስ ይለዋል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሰሃን ለማጠብ ይፈጥናል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ባለፈው ጁን አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሂድኮት ሄድኩ፣ ግሎስተርሻየር፣ ቺፒንግ ካምደን የምትባል ከተማ አጠገብ። እንግሊዛዊ የአትክልት ቦታ ማለት ይኼ ነው ተብሎ ፎቶው በየካላንደሩ የሚወጣ ስፍራ ነው። በተከረከመ አጥር እንደ ክፍል ተከፋፍሏል፣ ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስታልፉ ቀለሙ ይለወጣል፣ አንድ ቦታ ቀይ በቀይ ብቻ ነው። ማን እንደሠራው ታውቃላችሁ? ሎረንስ ጆንስተን የሚባል ሰው። ፓሪስ የተወለደ፣ ወላጆቹ አሜሪካውያን፣ የእንግሊዝ ዜግነት ያገኘው በ1900፣ ቤቱን በ1907 የገዙለት እናቱ። ከት ብዬ ሳቅኩ፣ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት ዞረው አዩኝ። ዘፈኑ የአሜሪካዊ፣ ፒያኖው የአውስትራሊያዊ፣ አትክልቱ የአሜሪካዊ ልጅ፣ እኔ ደግሞ በሐበሻ ጣቴ የምቆጥር። ከ12ቱ ያገኘሁትን አልነግራችሁም፣ ብቻ ስኖውድሮፕን በጁን አትፈልጉ።

እና ልግዛው ወይ ለሚል፣ ግዙ፣ ግን መሀሉ ያልወጣውን ግዙ፣ ወይም አዳፕተሩን አብራችሁ እዘዙ። ሻጩን ፎቶ አስልኩት፣ የሸክላውን የፊት ገጽ በብርሃን ያሳያችሁ። ከ5 ፓውንድ በላይ አትክፈሉ፣ ብርቅ ዕቃ አይደለም። ለልጆችም ጥሩ ነው፣ የአበባ ስም ያስተምራል፣ የወፉን ክፍል ግን አብራችሁ ሁኑና አስተካክሉላቸው።

ትናንት ማታ ሰሃን ላጥብ ስል አስጀመርኩት። በሩን ከፍቼ ከኩሽና ነው የምሰማው። ዳፎዲል ብዬ አውራ ጣቴን ከሳሙናው አወጣሁ። ሮጀርስ አይጠብቅም፣ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ሉፒን፣ ሆሊሆክ፣ ሮዝ። አስረኛዋ ፎክስግሎቭ ናት፣ የላቲን ስሟ ዲጂታሊስ ከጣት የመጣ ነው ይላሉ፣ እዚያ ላይ ጣቴ አለቀ። ስኖውድሮፕና «አትርሳኝ» ቀሩ። ዞር አልኩ፣ መርፌው ወደ ነፍሳቱ አለፈና ያችው ቦታ ላይ ዘለለ።