ባትሪው ከማይወጣ ስልክ ጋር ዓመት ከመንፈቅ በማርቆስ

ስልኬን ከገዛሁ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላው ነው። ስሙን አልጠራም። ዋጋው መካከለኛ፣ ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh)፣ ጀርባው በሙጫ የታሸገ ተች ስልክ ነው። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የፈለጋችሁት ሱቅ ብትገቡ ከመደርደሪያ የሚወርድላችሁ ይሄው ዓይነት ነው፤ ባትሪው የሚወጣ ካላችሁ ባለ ቁልፉን ያሳዩዋችኋል። ስለዚህ «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ» ብሎ መጨነቅ ብዙም አያስኬድም። ወሬው እንዴት እንደሚኖርበት ነው።

ከድሮው ስልኬ የሚናፍቀኝ ትርፍ ባትሪው ነው። ሁለት ባትሪ ነበረኝ። አንዱ ስልኩ ውስጥ፣ ሌላው ያቺ ባትሪ ቆንጥጣ የምትይዝ ቻርጀር ላይ፣ ቀይና አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለ። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋም ቀይሮ መሄድ ነው። ስልኩ ከእጅ ካመለጠ ደግሞ ክዳኑ ወዲያ፣ ባትሪው አልጋ ሥር፣ ቀፎው እዚህ፤ ለቃቅሞ መግጠም፣ ማብራት፣ አለቀ። ይሄን ነገር አይፎን ገና ከመጀመሪያው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2007፣ ዘግቶ መጣ። ሳምሰንግ እስከ ኤስ5 ድረስ ክዳን የሚከፈት ሠርቶ በ2015 ኤስ6 ላይ እሱም አሸገው። ከዚያ በኋላ ሌላውም ተከተለ።

አሁን ትርፍ ባትሪውን የተካልኝ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ፈጣን ቻርጀር ነው። የኛን አገር መብራት ታውቁታላችሁ። በተለይ ክረምት ላይ፣ መብረቁ አንድ ጊዜ ካጓራ ሰፈሩ ድርግም ይላል፤ ሌሊት መጥቶ አንድ ሰዓት ቆይቶ ተመልሶ ይሄዳል። በዚያች አንድ ሰዓት 10 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ግማሹንም አይሞላም። የኔው 33 ዋት ስለሆነ በግማሽ ሰዓት ግማሽ ያደርሰዋል። ስልክ ስትመርጡ ካሜራውን ትታችሁ ዋቱን ጠይቁ። ገመዱም ዋጋ አለው፤ መንገድ ላይ የሚሸጠውን ርካሽ ገመድ ስሰካው ስክሪኑ ላይ «ፈጣን» የሚለው ጽሑፍ ጭራሽ አይመጣም።

ፓወር ባንክም አለኝ። ሰው ሁሉ የሚሸወድበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጀርባው ላይ 10000 ተጽፏል፣ ስልኬ 5000 ነው፣ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይሞላል ማለት ነው? አይሞላም። ያ 10000 የተለካው በውስጡ ባለው ባትሪ ቮልት፣ በ3.7 ነው። በገመዱ የሚወጣው ደግሞ 5 ቮልት ነው። ቮልቱ ሲጨምር ቁጥሩ ወደ 7400 ይወርዳል፣ ከዚያ ላይ በሙቀት የሚባክን አለ፣ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 6000 አካባቢ ነው። ፓወር ባንኩን ገልብጡና ከትልቁ ቁጥር በታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ፤ ብዙዎቹ እውነተኛውን እዚያ ይደብቁታል።

ከ20 በመቶ በታች አታውርዱ፣ ከ80 በላይ አትሙሉ የሚባለው ምክር እውነት ነው። ሊቲየም ባትሪ ጥግ ድረስ ሞልቶ መቆየትም ሆነ ባዶ መሆን ዕድሜውን ያሳጥረዋል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ። ግን መብራት ነገ ይኑር አይኑር ለማያውቅ ሰው 80 ላይ ንቀል ማለት ቀልድ ነው። እኔ እስከ ጥጉ እሞላለሁ። መብራቱ ተመላልሶ ብልጭ ሲል ብቻ እስኪረጋ ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ።

አየሩስ? ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ስልክ ብዙም አይግልም። ወደ አዲስ አበባ ስወርድ ግን ከደጀን በታች የዓባይ በረሃ ላይ፣ የመኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ስልክ ለእጅ ያቃጥላል። ኪስ ውስጥ ይሁን። ጮቄ ተራራ ሥር ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማለዳ ብርዱ ላይ 15 በመቶ እያለው ድንገት ይጠፋል። ብብት ውስጥ ትንሽ ሲሞቅ ይነሳል። አጎቴ ባለ ቁልፍ ስልኩን ሳምንት ሙሉ ይዞ ይስቅብኛል፦ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ስልክህ ከላም በላይ እረኛ ይፈልጋል!»

እውነቱን ነው፤ ለዚህ ነው እኔም ትንሽ ባለ ቁልፍ ቀፎ ከቦርሳዬ የማትጠፋው። ገበያ መሀል ስልኩ ቢሞት ሲሙን አውጥቼ እዚያ እከታለሁ፤ ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ሒሳብ እከፍልበታለሁ። የሲም ማውጫዋ ሽቦ መቼ እንደጠፋች አላውቅም፣ መርፌ ቁልፍ ይበቃል።

ስልኩ ደርቆ አልንቀሳቀስ ሲል እንደ ድሮው ባትሪ መንቀል የለም። ማብሪያውንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው። በብዙዎቹ ስልኮች ይሠራል።

አሁን ዋናው ጣጣ። ድሮ ባትሪ ማበጡን ለማወቅ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ እናሾረው ነበር፤ ከዞረ አብጧል። ይሄኛው ግን ተደብቆ ያብጣል። የኔው ከጥቂት ወራት በፊት ነው ያበጠው። የጀርባው ጠርዝ በአንድ በኩል ጥፍር እስኪያስገባ ክፍት ብሎ አየሁት። ውስጡ ያለው ኬሚካል ሲበላሽ ጋዝ ይፈጥራል፣ መውጫ የለውም፣ ይነፋል። እንዲህ ካያችሁ አትሰኩት፣ ተጭናችሁ ለመክደንም አትሞክሩ፤ ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሠሪው ልጅ ጋ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ኮፒ ልግጠምልዎት ወይስ ኦሪጅናል ላስመጣ?» አለኝ። ኮፒ ባትሪ ላዩ ላይ 5000 ቢጻፍበትም ለምሳ እንኳ የማይደርስ እንዳለ ከባልደረባዬ ስልክ አይቻለሁና አስመጣ አልኩት። ሲመጣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጀርባውን በሞቃት አየር አሞቀ፣ ስስ ፕላስቲክ በጠርዙ አስገብቶ ቀስ እያለ ዞረ፣ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ነቀለ። ባትሪውን የያዘው ነጭ ማጣበቂያ ሲሳብ መሀል ላይ ተበጠሰ። ብዙ ሠሪ እዚህ ጋ ነው በብረት የሚፈነቅለው። ይሄ ግን አልኮል በሥሩ አንጠባጠበና እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ያኔ ነው ያመንኩት።

አዲሱ ባትሪ እስከ ማታ ያደርሰኛል። የጀርባው ሙጫ ግን እንደ ፋብሪካው አይሆንም፣ ዝናብ ሲመጣ በፌስታል እጠቀልለዋለሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የባትሪ ሕግ ከየካቲት 2027 ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ ነው እንግዲህ፣ ባትሪን ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ መቀየር እንዲችል ያዛል፤ የሚፈቀድ ልዩ ሁኔታ ስላለው ሁሉም ስልክ ይከፈታል ብዬ አልጠብቅም። የሚቀጥለውን ስልክ ልገዛ ስል ከሻጩ በፊት ወደዚያ ልጅ ሄጄ «የዚህ ባትሪ ኦሪጅናሉ ይመጣልሃል?» እለዋለሁ። አይመጣም ካለኝ ካሜራው የፈለገውን ያህል ሜጋፒክሰል ይሁን፣ አልገዛውም።