ወጣት ተጫዋችን በውሰት መላክ ወይስ ማቆየት?

በድሬዳዋ ከዚራ የቀትሩን ሙቀት ሸሽተን ፉትቦል ማኔጀር የተባለውን ክለብ የማስተዳደር የኮምፒውተር ጨዋታ ስንጫወት ደጋግሞ የሚያከራክረን ጥያቄ ይህ ነው።

በወጪ ረገድ ውሰት ይቀላል፤ ተቀባዩ ክለብ ደመወዙን በከፊል ወይም በሙሉ ሊሸፍን ይችላልና።

ዋናው ጉዳይ ግን ዕድገት ነው። እስከ 18 ዓመት ገደማ ልጁን ይበልጥ የሚጠቅመው ጥሩ የልምምድ ሜዳና ብቁ አሰልጣኝ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መሰለፉ ይበልጣል።

ስጋቱ በውሰት ይከፋል። የ19 ዓመት አማካዬን የመመለሻ አንቀጽ (ተጫዋቹን የውሰቱ ጊዜ ሳያልቅ ለመመለስ የሚያስችል የውል አንቀጽ) ሳላስገባ ልኬው፣ የውድድር ዓመቱን በተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲጨርስ ከማየት በቀር ምርጫ አልነበረኝም፤ አሁንም ይቆጨኛል። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላም ነገር አለ፦ በአውሮፓ ውድድሮች ደንብ አንድ ተጫዋች በክለቡ ያደገ ለመባል ከ15 እስከ 21 ዓመቱ ባለው ጊዜ 3 ዓመት በክለቡ ተመዝግቦ መቆየት አለበት፤ በውሰት ያሳለፈው ጊዜ አይቆጠርለትም።

እንግዲህ ማሰልጠኛው ጠንካራ ለሆነ ክለብ፣ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅን ማቆየት ይሻላል። በዋናው ቡድን ቦታ ላጣ የ19 ዓመት ወጣት ደግሞ፣ ቋሚ ተሰላፊ የሚያደርገው ክለብ ከተገኘና የመመለሻ አንቀጹ ውሉ ውስጥ ከገባ፣ ውሰት ይስማማዋል።