ከውጤቱ ወረቀት ግርጌ ለፈረሙት ሐኪም

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ወራት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ወንድሜ ይዳንልኝ አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳላስፈቅድ አልጽፍም አልኩ። ሐኪሟ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን እንዳልጠራ አደራ ብለውኛል። «ሥራውን ተናገሪ፣ እኔን ተዪኝ» ነው ያሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ፤ ሥራውን ግን አንድም ሳላስቀር እናገራለሁ።

የማመሰግናቸው ፓቶሎጂስት ናቸው። ከታካሚ ሰውነት የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይተው የበሽታውን ስም የሚናገሩት ሐኪም ማለት ነው። ሐኪም ሲባል ትዝ የሚለን አልጋ አጠገብ የሚቆመው፣ ትኩሳት የሚለካው፣ መድኃኒት የሚያዘው ነው። ያ ሐኪም ግን የትኛውን መድኃኒት እንደሚያዝ የሚያውቀው ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ሐኪም ሲነግረው ነው። ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ዲያሊሲስ ላይ ከቆየ በኋላ የእኔን አንድ ኩላሊት ሰጠሁት። ገና እዚያው ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ እያለ ሽንት መጣ ብለው ሲነግሯት እናታችን መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። 6 ወር ሙሉ የሰው ወግ ደረሰው፤ ሳቀ፣ ትምህርቱን ቀጠለ። በ7ኛው ወር አንገቱ ሥር አንድ ንፍፊት ወጣ። ሲነኩት አያመውም። ማታ ማታ ግን ትኩሳት ይነሳበታል፤ ሌሊት አንሶላውን ሁለቴ እስክቀይር ድረስ ያልበዋል፤ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ተሰጠው፤ አልሻል ሲለው ቲቢ ተጠረጠረ። የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ላይ ቲቢ መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ ትኩሳቱም፣ ላቡም፣ ክሳቱም፣ ዕጢውም ይመሳሰላሉ፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ያዘንኩበት ነገር ሌላ ነው። ከዕጢው በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ «ለኢንፌክሽን ምላሽ የሰጠ ዕጢ» የሚል ውጤት መጣና ነገሩ እዚያው ተዘጋ። ልጁ እየከሳ፣ ዕጢው እያደገ፣ ወረቀቱ ግን ደህና ነው ይላል። በሰው ምክር ስላይዶቹን፣ ናሙናው የተለጠፈባቸውን ብርጭቆዎች ማለት ነው፣ ተቀብዬ እንደገና እንዲታዩ ወደ እኒህ ሐኪም ላክሁ።

በማግስቱ ስልኬ ጠራ። ቅጹ ላይ የነበረው የእኔ ቁጥር ነው።

«ልጄ፣ የታካሚው ቤተሰብ ነሽ? የላክሽውን ስላይድ ያየሁት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ዘወትር የሚወስደው መድኃኒት አለው?»

«አዎ ዶክተር፤ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን።»

ዝም አሉ። የወረቀት ድምፅ ይሰማኛል።

«ኩላሊት ተተክሎለታል እንዴ?»

«አዎ፤ የኔን።»

«መቼ?»

«7 ወሩ ነው።»

«ቅጹ ላይ እኮ ‹ወንድ፣ 20፣ የአንገት ዕብጠት› ብቻ ነው የተጻፈው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበር። ቀጥለውም «በመርፌ የወጣው አይበቃኝም። ዕጢው ሙሉውን ይውጣልኝ። በመርፌ የሚመጣልኝ ከሰፈሩ የተነቀለ ሕዋስ ነው፤ እኔ ሰፈሩን ማየት አለብኝ» አሉኝ። ለቀዶ ሐኪሙ ራሳቸው ደወሉ፤ ከሚወጣው ዕጢ የተወሰነው ናሙና እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ትኩሱን እንዲደርሳቸው ጠየቁ። ኋላ እንደገባኝ አንዳንዱ ምርመራ ሕያው ሕዋስ ይፈልጋል፤ ፎርማሊን ከነካው በኋላ አይሠራም።

ውጤቱ በ5ኛው ቀን መጣ። ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚመጣ የሊምፍ ሕዋሳት መባዛት፣ ሊምፎማ ከሚባለው የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር ቤተሰብ፣ ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ የቀሰቀሰው። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከሁሉ የባሰው ግን ቀጥሎ የሰማሁት ነው። ከንቅለ ተከላው በፊት በተደረገልን የደም ምርመራ እኔ ይህ ቫይረስ ነበረኝ፤ እሱ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ጥምረት ደግሞ ለዚህ በሽታ ከሁሉ በላይ የሚያጋልጥ ነው። በኩላሊቴ ውስጥ አድርጌ በሽታ የሰጠሁት መሰለኝ። ያን ሌሊት ጣራ ጣራውን እያየሁ ነጋ።

ሐኪሟን ላናግራቸው ብዬ ለመንኩ። የማየት ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ፓቶሎጂስት ከታካሚ ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ሲያወራ አይታይም። እሳቸው ግን ከሥራ ሰዓት በኋላ ቆይተው ጠበቁኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መደርደሪያው በትናንሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች ተሞልቷል። በሳጥኖቹ ላይ ቁጥር፣ በውስጣቸው ሰም፣ ሰሙ ውስጥ ደግሞ የሰው ሥጋ አለ። የወንድሜን አወጡና አሳዩኝ፤ የጣት ጥፍር የማታህል ግራጫ ቁራጭ ናት። ይህቺን በማሽን ይልጧታል፤ የእያንዳንዱ ልጣጭ ውፍረት ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ነው፤ የፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ልጣጩ ብርጭቆ ላይ ተለጥፎ ቀለም ይነከራል።

«ነይ እዪው» አሉኝና ማይክሮስኮፑን አስተካከሉልኝ። መጀመሪያ ያየሁት ሐምራዊና ሮዝ ነው፤ ትልቅም ትንሽም ሕዋስ ተደባልቆ፣ ሥርዓቱ የፈረሰ። ከዚያ ሁለተኛውን ስላይድ አስገቡ። ፈዘዝ ያለ መደብ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነጥቦች ተበትነዋል። ኤበር የሚባለው ምርመራ ነው፤ ቫይረሱ ያለበትን ሕዋስ አስኳል ብቻ ለይቶ ያቀልማል። «እነዚህ ሁሉ ናቸው» አሉኝ። ዓይኔን ከመነጽሩ ሳላነሳ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» አልኳቸው።

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። የነገሩኝን እስከ ዛሬ በቃሌ እይዘዋለሁ። ይህን ቫይረስ ከ100 አዋቂ ከ90 በላይ የሚሆነው ይሸከመዋል። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ በምራቅ ይይዘውና ሳያውቀው ይኖራል። ከገባ በኋላ ቢ ሴል በሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል፤ የሚጠብቁት ደግሞ ቲ ሴሎች ናቸው፣ ብቅ ሲል ይመቱታል። ታክሮሊመስ የሚሠራው እነዚህኑ ቲ ሴሎች አስታግሶ የተተከለውን ኩላሊት እንዳያጠቁ ማድረግ ነው። ጠባቂው ለኩላሊቱ ሲል እጁን ሲያጥፍ ለቫይረሱም ያጥፋል። ቫይረሱ በፊናው ያለበትን ሕዋስ ተባዛ ተባዛ ይለዋል፤ ከልካይ ከሌለ ይባዛል።

«እኔም አለብኝ» አሉኝ ቀጥለው። «ኩላሊት የሚሰጥ ሌላ ሰው ብትፈልጊ ኖሮ እሱም ይኖርበት ነበር። ያንቺ ኩላሊት ባይኖር ደግሞ ዛሬ የምናወራለት ልጅ ይኖር ነበር?» መልስ አልሰጠሁም፤ አለቀስኩ። ሶፍት አቀበሉኝና ዝም ብለው ጠበቁኝ። ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ። ቫይረሱ የታወቀው በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያገኙት አንቶኒ ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግ እና ኢቮን ባር ናቸው። የተገኘውም በርኪት ሊምፎማ ከያዛቸው አፍሪካውያን ሕፃናት ዕጢ በተወሰደ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ በሽታውን አስቀድሞ ኡጋንዳ ሆኖ የገለጸው ዴኒስ በርኪት የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ የመጀመሪያው ቫይረስ ይኸው ነው።

ስለ ሕክምናው አላረዝምም። ማይኮፌኖሌቱ ቆመ፣ ታክሮሊመሱ ተቀነሰ፤ ጠባቂዎቹ በመጠኑ እንዲነቁ። ይህ በራሱ ሕክምና ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ዕጢው በዚህ ብቻ ይጠፋል። ሆኖም ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋው ክሬቲኒኑ፣ የኩላሊቱን አሠራር የሚያሳየው የደም ልኬት፣ በየጊዜው ይለካል። በእነዚያ ሳምንታት የውጤት ወረቀት በያዝኩ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥቂት ጨመረ፣ ከዚያ ረጋ። የሐኪሟ ሪፖርት ሲዲ20 የሚባለው ምልክት በሕዋሳቱ ላይ እንዳለ ስላረጋገጠ ደግሞ ሪቱክሲማብ ተጀመረለት፤ መድኃኒቱ ያንን ምልክት ይዞ ነው የሚመታው። ከመጀመሩ በፊት ሄፓታይተስ ቢ መመርመሩ ግድ ነው፤ ተደብቆ የነበረ ካለ መድኃኒቱ ሊቀሰቅሰው ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ ነርሷ ወዲያው መድኃኒቱን አቆመች፣ ብርድ ልብስ ደረበችለት፣ ሲረጋጋ አዝግማ ቀጠለች። (ለእሷም ምስጋናዬ የላቀ ነው።) በየሳምንቱ 4 ጊዜ ወሰደ፤ ስካን ሲነሳ ዕጢዎቹ ጠፍተዋል፤ ከዚያ በየ3 ሳምንቱ ሌላ 4 ጊዜ። ኪሞቴራፒ አላስፈለገውም። ለሌላው ሊያስፈልገው ይችላል፤ በሽታው ብዙ መልክ አለው፣ መልኩን ለይቶ የሚናገረው ደግሞ ፓቶሎጂስቱ ነው።

ለምን ይህን ሁሉ ዘረዘርኩ? ይህ ነገር ኩላሊት በተተከለለት ሰው ላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበት የተተከለለት አለ፤ አንጀት የተተከለለት ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጋለጣል። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ወገን አለ፤ ኤችአይቪ ሲዲ4 የሚባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር ሲያወርደው ይህ ኤፕስታይን ባር ይነሳል፤ ከ50 በታች ሲወርድማ አንጎል ውስጥ ሊምፎማ ሊያመጣ ይችላል። ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለውን ካንሰር የሚያመጣው ሌላው ቫይረስም በደረትና በሆድ ዕቃ ውስጥ ውኃ እየቋጠረ የሚመጣ ሊምፎማ ያመጣል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ለዚህም ጭምር ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሜቶትሬክሴት የሚወስዱም አሉ፤ በእነሱ ላይ ሲመጣ መድኃኒቱ ሲቆም ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በተፈጥሮ መከላከያቸው ደካማ የሆነ ሕፃናትም አሉ።

ስለዚህ ከነዚህ አንዱ ቤታችሁ ካለ፣ የማያምም ዕጢ ወጥቶ ካልጠፋ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከተመላለሰ፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ ካለ፣ በ6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ አትጠብቁ። ናሙና ሲወሰድ ቅጹ ላይ ምን እንደተጻፈ ጠይቁ። «ንቅለ ተከላ ተደርጎለታል»፣ «ኤችአይቪ አለባት»፣ «መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ይወስዳል» የሚለው መጻፉን በዓይናችሁ እዩ። በኤችአይቪ ምክንያት ለማስጻፍ የምትሳቀቁ ካላችሁ እባካችሁ አትደብቁት፤ ናሙናውን የሚያየው ሰው ሳያውቅ ቀርቶ ያንን ጥቁር ሰማያዊ ነጥብ የሚያወጣውን ምርመራ ባያዝስ? የወንድሜ የመጀመሪያ ስላይድ የዋሸን አንዲት መስመር ስለጎደለችው ነው። በመርፌ የተወሰደው ግልጽ ካልሆነ ዕጢው ወጥቶ ይታይልን በሉ። የደምና የሊምፍ ሕዋሳትን ለይቶ የሚያጠና ፓቶሎጂስት ካለ ስላይዱ እንዲላክለት ጠይቁ፤ ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም።

የእኒህን ሐኪም ስም የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ፤ አደራ አለብኝና ይቅርታ አድርጉልኝ። ነገር ግን የያዛችሁትን የውጤት ወረቀት ገልብጡና ግርጌውን እዩ። እዚያ አንድ ስም፣ አንድ ፊርማ አለ። ጥያቄ ካላችሁ በሐኪማችሁ በኩል ያንን ሰው አስጠይቁት። ዶክተር፣ ይህን ካነበቡ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያቺን ስልክ ባይደውሉ ኖሮ ማንም አይጠይቅዎትም ነበር፤ ግን ደወሉ።

ባለፈው ወር ወንድሜ «እታለም፣ ውሰጂኝ፣ በዓይኔ ልያቸው» ብሎኝ ሄድን። ስላይዱን ማየት ፈለገ፤ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ፤ ምንም አልተናገረም። ሲነሳ ሐኪሟ «እስቲ አንገትህን» አሉት። ጎንበስ አለላቸው። ኮሌታውን ገለጥ አድርገው ጠባሳዋን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሷት።