ከ14 ወርና ከ130,000 ኪሎ ሜትር በኋላ፦ ነዳጅ ቆጣቢ ብዬ የገዛሁት ከባድ መኪና

ቁጥሩን ላስቀድም። 14 ወር፣ 130,000 ኪሎ ሜትር፣ 40,000 ሊትር ናፍጣ። በሊትር 3.25 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የድሮው ጎታቼ (ተሳቢውን የሚጎትተው ባለ ሞተሩ ፊተኛ ክፍል) በዚሁ መንገድ፣ ይህንኑ ጭነት ይዞ በሊትር 2.6 ነበር የሚሄደው። ለዚህ ርቀት 50,000 ሊትር ይጠጣ ነበር። የ10,000 ሊትር ልዩነት ቀላል አይደለም።

ቁጥሩን ከዳሽቦርድ ላይ አላነበብኩትም። ዳሽቦርዱ 3.4 ነው የሚለው፤ ሁልጊዜ ትንሽ ያሞካሻል። እኔ ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር ሰርባቶዮውን አፉ ድረስ እሞላለሁ፣ ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ የቀዳሁት ብቻውን ምንም አይናገርም። አሥር ጊዜ ከቀዳሁ በኋላ ግን እውነቱ ይወጣል።

የመኪናውን ስም ሆን ብዬ አልጠራም። እንዲህ የማደርገው ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ጎታቾች በነዳጅ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው። ልዩነቱ ያለው ግንባሩ ላይ ከተለጠፈው ምልክት ሳይሆን ከስሩ ነው። የኔው 4 በ 2 ነው፣ ማለትም ካሉት አራት የጎማ ቦታዎች ሞተሩ የሚያዞረው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ሞተሩ 13 ሊትር፣ 460 የፈረስ ጉልበት፤ ካምቢዮው ባለ 12 ማርሽ አውቶማቲክ፤ ዲፈረንሻሉ 2.64 (ጎማው አንድ ዙር እንዲዞር ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ 2.64 ጊዜ ይዞራል)፤ የኋላ ጎማው 315/80። ከተሳቢውና ከጭነቱ ጋር እስከ 40 ቶን ይመዝናል።

ልገዛ ስሄድ ሁሉም ሰው የሚያወራልኝ ስለ ፈረስ ጉልበት ነበር። ስለ ዲፈረንሻል ሬሾ ያነሳልኝ አንድም ሰው የለም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህንን ቁጥር እንድትጠይቁ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስሄድ ሞተሬ በደቂቃ ወደ 1,070 ዙር ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 3.4 ቢሆን ኖሮ በዚያው ፍጥነት ወደ 1,380 ይደርስ ነበር። ጭነቱ ያው፣ መንገዱ ያው፣ ፍጥነቱ ያው። ግን ሞተሩ በየደቂቃው ሦስት መቶ ዙር በትርፍ ይዞራል። ፒስተኑ ይፋተጋል፣ የዘይት ፓምፑና የውሃ ፓምፑ ይሠራሉ፤ ይህ ሁሉ ነዳጅ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዝቅተኛ ሬሾ የሚያዋጣው ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ካለው ብቻ ነው። የኔው ከ1,000 ዙር ጀምሮ ሙሉ የመጎተት ጉልበቱን ይሰጣል። ጉልበቱ ከ1,300 በኋላ የሚመጣ ሞተር ላይ 2.64 ብታስገቡ ማርሽ እየቀያየረ ያሰለቻችኋል፤ ነዳጁም አይቀንስም። ዳገት ላይም ዋጋ ያስከፍላል። ረጅም ዳገት ላይ ሙሉ ጭኜ ስወጣ ከድሮው መኪናዬ ቀርፈፍ ይላል። ሥራዬ ተራራ ለተራራ ቢሆን ኖሮ 2.85 ወይም 3.08 እመርጥ ነበር።

የድሮው 6 በ 4 ነበር። ሁለተኛው ገፊ አክስል ክብደት አለው፤ ሜዳ ላይም ቢሆን ጥርሶቹ ዘይት ውስጥ እየዞሩ ጉልበት ይበላሉ። አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ይህ ትርፍ ሸክም ነው። ጭቃ ውስጥ ግን ሌላ ነው። አዲሱ መኪና ሁለት ጊዜ የመጫኛ ግቢ ውስጥ ሰምጦብኝ በሎደር ተጎትቶ ወጥቷል። ካባና ግንባታ ቦታ የምትገቡ ከሆነ 4 በ 2 አትግዙ።

ስለ ነፋስ ደግሞ ልንገራችሁ። የከባድ መኪና ፊት ወደ 10 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ግድግዳ ነው። የአየር ግፊቱ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ80 ወደ 90 ስትጨምሩ የሚገፋችሁ አየር 27 በመቶ ይጨምራል። እኔ ፍጥነቱን 82 ላይ ገደብኩት። 600 ኪሎ ሜትር ሙሉ በ90 ብነዳ በወረቀት አርባ ደቂቃ ያህል እቀድም ነበር፤ ከተማውና ዳገቱ ሲታሰብ ግን ያ ደቂቃ አብዛኛው ይጠፋል። ካቢኑ ጣሪያ ላይ ያለውን የነፋስ መከለያም ከተሳቢው ቁመት ጋር አስተካክሉት። ዝቅ ካለ ነፋሱ የተሳቢውን ግንባር ይመታል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ያለ ጥቅም አየር ይገፋል። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን ጥቂት ሰው ነው።

በሰባተኛው ወር ጉድ ገጠመኝ። ከ3.3 ወደ 3.0 ወረደ። መጀመሪያ ሞተሩን ጠረጠርኩ። አንድ ጋራዥ ኢንጀክተሮቹን ካልቀየርክ አለኝ። የናፍጣና የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ኋላ ላይ አንድ ጎሚስታ ነው ነገሩን የያዘው። ተሳቢው ሥር ገብቶ ጎማዎቹን በእጁ ሲዳብስ የአንዱ አክስል ጎማዎች በአንድ ጠርዝ ብቻ ተበልተዋል። አክስሉ ከመስመሩ ወጥቷል፤ ጎማዎቹ እየተንከባለሉ ሳይሆን በከፊል ወደ ጎን እየተጎተቱ ነበር። በላዩ ላይ አንዱ ፍሬን በደንብ አይለቅም። ሁለቱም ተስተካከሉ፣ ወደ 3.3 ተመለሰ። ሞተሩ አንድም ችግር አልነበረበትም። ነዳጁን ስትጠጣብኝ የነበረችው ሞተር የሌላት ተሳቢ ናት!

በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ በኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ የሱፐርትራክ ፕሮግራም ከሚንስና ፒተርቢልት የሠሩት የሙከራ መኪና በ2014 ወደ 29.5 ቶን አጠቃላይ ክብደት ይዞ በሊትር 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷል። እነሱም ጎታቹን ብቻ አይደለም የነኩት፤ የተሳቢውን ጎንና ጀርባ ጭምር ለነፋስ አስተካክለዋል።

መኪናውን የምንነዳው ሁለት ነን። የቀጠርኩት ልጅ በተመሳሳይ መንገድ በሊትር 0.2 ኪሎ ሜትር ይበልጠኛል። ምስጢሩን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ፍሬን በረገጡ ቁጥር የተቃጠለውን ነዳጅ ነው የሚጥሉት» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ ሩቅ ያያል። ፊቱ ያለው መኪና ሲቀዘቅዝ እግሩን ቀድሞ ያነሳል፤ ማርሽ ውስጥ እንዳለ እግር ሲነሳ ደግሞ ኢንጀክተሩ ናፍጣ መርጨት ያቆማል። ወረፋ ላይም ሞተር ያጠፋል። እኔ አስነስቼ እቆም ነበር፤ በሰዓት ሦስት ሊትር ገደማ ቁጭ ብሎ ይነዳል። ተማርኩበት።

አድብሉን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ጭስ ለማጽዳት የሚጨመረውን ፈሳሽ፣ አትርሱ። እስካሁን ወደ 2,000 ሊትር ፈጅቷል፤ ከናፍጣው 5 በመቶ ነው። ወጪ ስታሰሉ አስገቡት።

በ13ኛው ወር የጎታቹን ጎማዎች ቀየርኩ፤ ነዳጁም ትንሽ ጨመረ። አትደንግጡ። አዲስ ጎማ ጥርሱ ወፍራም ስለሆነ እየተጨመቀና እየተመለሰ ሲሄድ ከተበላው ይልቅ ጉልበት ይወስዳል። ስትገዙ ግን ጎማው ሲንከባለል ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ የሚያሳየውን ደረጃ እዩ። የአውሮፓው መለያ ወረቀት ላይ ከኤ እስከ ኢ ይጻፋል፤ ኤ ምርጡ ነው።

ጎታቹን አልቀይረውም። አሁን ገንዘብ የማጠራቅመው ለተሳቢው ነው፦ የጎን መከለያ ያለው፣ ቀለል ያለ፣ የጎማውን ነፋስ ራሱ የሚቆጣጠር። እስከዚያው በየወሩ ሥሩ ገብቼ ጎማዎቹን በእጄ እዳብሳለሁ።