የአባዬን ካሜራ ላዳኑልኝ ጋሼ፣ ምስጋናዬ ይድረስዎ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ዝም ብል ሆዴ አይችልም። አሮጌ ዲጂታል ካሜራ የተበላሸባችሁ፣ ወይም ውስጡ የምትሳሱለት ፎቶ የቀረባችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ የትም እንዳትወስዱት። እኔ ሁለት ቦታ ወስጄ ተቃጥያለሁ። በሦስተኛው እግዚአብሔር ሰው አገናኘኝ።

ካሜራዋ ካነን ናት፤ ፓወርሾት ኤስዲ 1000 የሚሏት። አክስቴ ለሚሊኒየሙ በዓል ከአሜሪካ ስትመጣ ለአባዬ ያመጣችለት ናት፤ 2000 ዓ.ም. የገባ ሰሞን መሆኑ ነው። 7.1 ሜጋፒክስል ነበረች፤ ያን ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሸሚዝ ኪስ ትገባለች፣ ስትከፍቷት ሌንሷ ዝዝ ብላ ትወጣለች። በሰፈራችን ብርቅ ነበረች። አባዬ ሠርግ ቢሉ፣ ክርስትና ቢሉ፣ የዕድር ስብሰባ ቢሉ እሷን ሳይዝ ከቤት አይወጣም። ማሰሪያዋን አንጓው ላይ ጠምጥሞ «አንዴ ቀና በሉ!» የሚለው ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አርባው ካለፈ በኋላ ቁም ሣጥኑን ሳስተካክል ካሜራዋን በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ ከጡረታ ደብተሩ ሥር አስቀምጧት አገኘሁ። ቻርጀሯም አብሯት ነበር። ባትሪዋን ቻርጅ አድርጌ መልሼ ከተትኩና ቁልፏን ተጫንኩ። ሌንሷ ግማሽ ድረስ ወጥታ ክርርር አለችና ቀረች። መስኮቷ ላይ ስለ ሌንስ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ጨለማ። ውስጧ ምን ፎቶ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በቤታችን አልነበረም። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ቦታ ስም አልጠራም። ልጁ ስልክ እያወራ በአንድ እጁ ተቀበለኝ፤ እዚያው ቆሜ እያየሁት የወጣውን ሌንስ በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገፋው። ቀጭ አለ። ያ ድምፅ ሆዴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። 500 ብር ቀብድ ተቀበለና «ነገ ነይ» አለኝ፤ ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ። ነገ ያለው አምስት ቀን ሆነ። በአምስተኛው ቀን «አልሠራ አለች እኮ፤ ችግሩ ከሜሞሪው መስሎን ፎርማት አደረግነው» አይለኝም! ውስጡ የሞተ አባቴ ያነሳው ፎቶ ነበረ ስለው «ታዲያ ቀድመሽ አትገለብጪውም ነበር?» ብሎ እኔኑ ወቀሰኝ። ቀብዱንም አልመለሰም። ታክሲ ውስጥ እንባዬን መያዝ አቅቶኝ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ዘርግተው ፊቴን ጠረጉልኝ። ለእሳቸውም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ሁለተኛው ትልቅ ሕንጻ ላይ ያለ፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ቤት ነው። እዚያ ያለው ሰውዬ ካሜራዋን ገልበጥ ገልበጥ አደረጋትና «የዚች ነገር አልቆለታል፤ ጣያትና ደህና ስልክ ግዢ» አለኝ። ስለምነው ጊዜ «እንግዲያው ባትሪዋ ነው» ብሎ 1,800 ብር አስከፍሎ ሌላ ባትሪ ሸጠልኝ። ካሜራዋ ያው እንደቆመች ቀረች። ባትሪው ደግሞ ሁለቴ ቻርጅ ተደርጎ እንደ ዳቦ ተነፋ። ይዤ ስመለስ «ከአንቺ አያያዝ ነው» ተባልኩ። ሰው በሰው ሐዘን ላይ እንዲህ ይነግዳል? ከዚያ በኋላ ካሜራዋን መልሼ በመሐረቧ ጠቀለልኳትና ተውኩት።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ልጄ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የዛሬ ልጆች እነዚህን አሮጌ ካሜራዎች እንደ አዲስ እየፈለጓቸው መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር፤ የስልክ ፎቶ ከመጠን በላይ ጠራ፣ የድሮው ፎቶ ይበልጣል ይላሉ። የክፍል ጓደኛዋ የእናቷን ካሜራ ያሠራችበትን ቦታ ነግራት «እማዬ፣ አንዴ ብቻ እንሞክር» ብላ ወጠረችኝ። እሺ ያልኩት ለእሷ ስል ነው እንጂ ተስፋ አልነበረኝም።

ሱቃቸው ድሮ ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ወጡ፤ አሁን ስድስት ኪሎ አካባቢ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ቤት ተጋርተው፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ በአንዲት ጠረጴዛ ይሠራሉ። በሩ ላይ ምንም ምልክት የለም። ስማቸውን ልጻፍ ብዬ ሳስፈቅዳቸው «ስም ምን ያደርጋል ልጄ፣ የቸገረው ይምጣ» ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። ጋሼ ካሜራዋን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ከካሜራዋ ሥር ያለውን ክዳን ከፈቱና መጀመሪያ ያንን የተነፋ ባትሪ ማውጣት ጀመሩ። ተወጥሮ አልወጣ አለ። እኔ የጠበቅሁት ካቻቢቴ አስገብተው ይፈለቅቁታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መዳፋቸው ላይ ደፍተዋት ቀስ፣ ቀስ እያሉ መታ መታ አደረጓት፤ ምናልባት አሥር ደቂቃ። ሲወጣ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ አድርገው ከቤት ውጭ ደጃፉ ላይ አስቀመጡት። «ይህን ሁለተኛ ቻርጅ እንዳታደርጊው፤ በስለት እንዳትወጊው። ይህ እሳት ነው» አሉኝ።

ቀጥለው ሜሞሪ ካርዱን አወጡ። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ነገር በጥፍራቸው ወደ ታች ሳብ አድርገው «አሁን ማንም ምንም አይጽፍበትም፣ አያጠፋውም» አሉና መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። «መጀመሪያ ይህ ይዳን። ካሜራዋ ብረት ናት፣ ትደርሳለች» አሉ። እናንተዬ፣ ሁለት ቦታ ስንከራተት ምን እንደጠፋብኝ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኚህ ሰው ሳልነግራቸው አወቁ።

«ፎርማት አድርገውብኛል» አልኳቸው፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

«ከዚያ ወዲህ ሌላ ፎቶ ተነስቶበታል?»

«የለም ጋሼ፤ ካሜራዋ መች ትሠራና!»

«እንግዲያው አታልቅሺ። የቀደዱት ማውጫውን ነው፤ ገጹ አለ። ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ይገኛል።»

ካርዱን ተቀብለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰኩት። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን እኔ አላውቀውም፤ አረንጓዴ መስመር ስንዝር ለመሄድ ሰዓት ትፈጅ ነበር። ልብስ ሰፊው ሻይ አስመጡልን። ጋሼ እየጠበቅን ስለ ድሮው ያጫውቱናል። በደርግ ጊዜ ፒያሳ ፎቶ ቤት ፊልም በማጠብ ጀምረው፣ የሩሲያውን ዜኒት ካሜራ በመፈታታት ነው ሙያውን የያዙት። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ፎቶ ያነሱ ስለነበሩት አርመኖች፣ ስለ እነ ቦያጂያን፣ እንደ ዘመዶቻቸው ነው የሚያወሩት። «ፎቶ አደራ ነው» ይላሉ፤ ሦስት አራት ጊዜ ሳይሉት አልቀሩም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፎቶዎቹ እንደ ማኅተም ትንንሽ ሆነው አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ጋሼ አንዱን ተጫኑት። አሸዋ ነው። የላንጋኖ አሸዋ። አሸዋው ላይ ረጅም ጥላ ተኝቷል፤ ኮፍያ ያደረገ፣ ሁለት ክንዱን ከፍ አድርጎ ካሜራ የያዘ ሰው ጥላ።

አባዬ ነው። ሁልጊዜ አንሺው እሱ ስለሆነ የራሱ ፎቶ የለንም ማለት ይቻላል፤ ለልቅሶው ያሠራነው እንኳ ከመታወቂያው ላይ የተነሳ ነው። ከጡረታ ጓደኞቹ ጋር ላንጋኖ የሄደ ጊዜ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጥላውን አይቶ ደስ ብሎት ያነሳው መሆን አለበት። ኮፍያው አሁንም ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አለ። ልጄ «አያዬ!» ብላ ጮኸች። ጋሼ ምንም ሳይሉ ተነስተው ወደ ውጭ ወጡና እስክንረጋጋ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁን።

386 ፎቶ አገኙልን። ዘጠኙ ግማሻቸው አመድማ ሆነው ነው የወጡት፤ እነሱንም አልጣልናቸውም።

ካሜራዋን የፈቱት በሌላ ቀን ነው። ልጄ በስልኳ ልትቀርጽ ጠጋ ስትል «ራቅ በይ የኔ ልጅ» ብለው መለሷት። ለካ ባትሪው ወጥቶም ለፍላሹ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ውስጧ ይቆያል፤ 300 ቮልት ገደማ ነው አሉን። እሳቸውን በወጣትነታቸው ከወንበር አንስቶ ጥሏቸው ያውቃል። ሁለት ሽቦ ይዘው የሆነ ነገር አደረጉ፣ ከዚያ በቴስተር ለኩ፣ ደግመው ለኩ፤ ዜሮ ማለቱን ሳያዩ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አልሰደዱም። እባካችሁ ዩቲዩብ አይቼ ቤቴ እከፍታለሁ የምትሉ ልጆች ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ብሎኖቹ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ጋሼ ነጭ ወረቀት ላይ የካሜራዋን ቅርጽ በእርሳስ ስለው፣ እያንዳንዷን ብሎን ከወጣችበት ቦታ ላይ በፕላስተር እየለጠፉ ነው የሚሄዱት። አንድ ብሎን ወድቃ አልጠፋችም። መጨረሻ ላይ ከሌንሱ ሥር፣ ሌንሱን የምታንቀሳቅስ አንዲት ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ጥርስ አወጡ፤ አንድ ጎኗ ተሸርፏል። «ይህ የጣት ሥራ ነው፤ ሌንስ በእጅ አይገፋም» አሉ። ማን ገፋው ብለው ግን አልጠየቁኝም። እኔ ያንን ልጅ ማማት ስጀምር «ተይው፤ የሚያሳየው አጥቶ ነው» ብለው አስቆሙኝ። ምትኩን ጥርስ ከሞተች ሌላ ካሜራ አወጡልኝ፤ ለመለዋወጫ ብለው በጫማ ካርቶን ያጠራቀሟቸው አሉ።

ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ እንዳደረጉ ወረንጧቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ጫፉ ላይ አንድ ነገር አለ። «መጀመሪያ አንቃ የያዘቻት ይህች ናት» አሉኝ። አንዲት ፍሬ አሸዋ!

ከወረቀቱ ጫፍ ቀድደው አሸዋዋን ጠቀለሉና ሰጡኝ። ከጥላው ፎቶ ጋር አንድ ላይ ፍሬም ውስጥ አስገብቻታለሁ።

ካሜራዋ ዛሬ ትሠራለች። ስትከፈት ዝዝ የምትለዋን ድምፅ የሰማሁ ቀን የሆንኩትን አልነግራችሁም። ለሁሉም፣ ለፎቶውም ለጥገናውም፣ የጠየቁኝ 1,500 ብር ነው፤ ያኛው ለአንድ የማይረባ ባትሪ ከወሰደብኝ ያነሰ! ጨምሬ ልስጥ ብል ተቆጡኝ። ባትሪም ራሳቸው አስፈልገው ደህናውን አመጡልኝ። የሠሩትንም በእጅ ጽፈው፣ ቀን አድርገው ፈርመው ሰጡኝ። ፎቶዎቹን ሁለት የተለያየ ቦታ እንዳስቀምጥ አስምለውኝ ነው የለቀቁኝ፤ ካሜራዋን ለረጅም ጊዜ ሳስቀምጣት ባትሪውን እንዳወጣ፣ አቧራ አየሁ ብዬም በአፌ እፍ እንዳልልባት ነግረውኛል።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ይኖራል ብዬ አምናለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እጅዎን ይባርክልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ለእኔ የመለሱልኝ ካሜራ ብቻ አይደለም፤ እርስዎም ያውቁታል።

እናንተም እባካችሁ፣ በመሳቢያ የተቀመጠ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ካሜራ ካላችሁ ወደ እሳቸው ውሰዱ። የእኔን እንባ አታልቅሱ። ስልክ አይሠሩም፤ ስልክ ይዛችሁ ሄዳችሁ አታድክሟቸው። ቅዳሜ ከሰዓት አይገኙም። አይቸኩሉም፣ ስለዚህ እናንተም አታስቸኩሏቸው፤ የእኔ ካሜራ ሁለት ሳምንት ፈጅታለች፣ እያንዳንዱ ቀን የሚገባት ነበር። አቅጣጫውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ስትሄዱ ቻርጀሩንም አብራችሁ ያዙ፤ እዚያ ስትደርሱ የላንጋኖዋ አሸዋ ባለቤት ላከችን በሏቸው፣ ያውቃሉ።