የአራስ ድባቴ ሕክምና፦ በቡድን ወይስ ለብቻ?

ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መከፋትና ማልቀስ በ2 ሳምንት ካላለፈ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ይሻል። ደሴ ወይም ሐይቅ ከተማ ላለች አራስ የቱ ይሻላት ይሆን?

የቡድን ድጋፍ ትልቁ ጉልበቱ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ማሰኘቱ ነው። በሠለጠነ ሰው እየተመራ አንዷ ስትናገር ሌላዋ የደበቀችውን ታወጣለች። ተሰብስቦ ቡና እያፈሉ ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ ዱዓ፣ መቀመጥ ለወሎ ሴት እንግዳ አይደለም (ወዳጃው ግን ሕክምናውን አይተካም)። ጣጣው ምስጢር ነው፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ቀበሌ ስለ ባልና አማት ማን ደፍሮ ያወራል?

ከባለሙያ ጋር ለብቻ መነጋገር ገመናን ይሸፍናል፤ ከገጠር ግን ባለሙያ ማግኘቱ ይከብዳል።

እኔ ሕመሙ ካልጠና ቡድኑን አስቀድማለሁ። ራሷን ወይም ልጇን ለመጉዳት የምታስብ ወይም የሌለ ድምፅ የምትሰማ እናት ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ትወሰድ።