ቤታችሁ የኮሪያ ዘማች ካለ፣ ይህን ልጅ ልጠቁማችሁ

ይህ ምስጋና ነው፤ ጥቆማም ነው። የማመሰግነው ሰው ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። ስለዚህ «ልጁ» እያልኩ ልቀጥል። ሠላሳዎቹን ያለፈ ሰው ነው፤ አያቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ያ ልጅ መጣ?» እያሉ ስለሚጠይቁ ቤታችን ውስጥ ስሙ ልጁ ሆኖ ቀርቷል።

ሥራው አረጋውያን ወታደሮች ቤት እየሄደ ታሪካቸውን በድምፅ መቅዳት ነው። ፎቶና ወረቀታቸውንም ኮፒ ያደርጋል። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል ጽፎ፣ አስጠርዞ፣ ከድምፁ ጋር ለቤተሰብ ያስረክባል።

አያቴ የቃኘው፣ ማለትም ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው ጦር፣ ዘማች ናቸው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር፣ ከጅቡቲ ፑሳን በመርከብ ሲጓዝ አብረው ነበሩ። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድበው ተዋጉ። በጦርነቱ ተፈራርቀው ከዘመቱት ከ3 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። አፍንጮ በር ያለው መታሰቢያም ይህንኑ ያስታውሰናል። አያቴ ግን ቤት ውስጥ ስለ ኮሪያ አፋቸውን ከፍተው አያውቁም ነበር።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ልጁ ሲጠይቃቸው ሰምቼ ነው። ዘማቾቹ በብዛት የክቡር ዘበኛ፣ የንጉሡ ጠባቂ ጦር፣ ሰዎች ነበሩ። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የተሞከረው በክቡር ዘበኛ አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት ነው፤ ሙከራው ሲከሽፍ ሙሉ ክፍሉ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር። ቀጥሎ 1966 መጣ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ። ያኔ ለደቡብ ኮሪያ ተዋግቻለሁ ብሎ ሜዳልያ አንጠልጥሎ መሄድ ጣጣ ነበር። የእኛ ቤት ሜዳልያ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ቁምሳጥን አናት ላይ ተቀመጠ። ዝም ማለት የተጀመረው በፍርሃት ነው፣ በኋላ ልማድ ሆነ። የሚጠይቅ ሲመጣ ደግሞ አያቴ ዘጠና ተጠግተዋል።

ከዚህ በፊት ሊያናግሯቸው የመጡ አሉ። ካሜራ ተደቅኖ «ያኔ ምን ተሰማዎት?» ይባላሉ። «ደስ አለን» ይላሉ። አለቀ።

ልጁ እንዲህ አልጠየቀም። መጀመሪያ የትኛው ጆሯቸው እንደሚሰማ ጠየቀ። የቀኙን መድፍ ወስዶታል፤ በግራ በኩል ዝቅ ያለ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። ትንሿን ማይክ ኮታቸው ላይ ሰካ። ከዚያ «አባባ፣ ባቡሩ ላይ አጠገብዎ የተቀመጠው ማን ነበር?» አላቸው።

አያቴ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አንድ ስም ጠሩ። እኛ ሰምተነው የማናውቅ ስም ነው። ሰውየው መርከቡ ላይ ሲያስመልሰው እንደከረመ፣ ፑሳን ሲደርሱ መሬቱን እንደሳመ፣ ካልሲ ሲደርብ ሁልጊዜ የግራውን እንደሚያስቀድም ነገሩን። ይኸው ሰው አንድ ሌሊት ለቅኝት ወጥቶ ተመታ። አያቴና ሌሎች ሁለት ሆነው ተሸክመው አወረዱት። «ጥሎ መምጣት ነውር ነው» አሉ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ልጁም አልጨመረም። መቅጃውን አጥፍቶ «ሻይ ይጠጡ» አላቸው። ይቺን ነገር ነው ከሁሉ በላይ የወደድኩለት። እኔ ብሆን «ከዚያስ?» እል ነበር።

በሌላ ቀን የኮሪያን ካርታ በትልቁ አሳትሞ መጣ። ጦርነቱ ላይ ብዙዎቹ ኮረብታዎች ስም አልነበራቸውም፤ የሚጠሩት በሜትር ከፍታቸው ነው። የእኔን ስም ከእህቴ ጋር የሚያምታቱት ሰውዬ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ቆጠሩለት። እሱ ቤቱ ሄዶ ከመዛግብት ጋር አመሳከረ። ያልተገጣጠመውን አላረመም፤ ከግርጌ «ሰነዱ እንዲህ ይላል» ብሎ ለብቻ ጻፈው።

እዚህ ላይ ትንሽ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። በቤተሰቡ ወሬ አያቴ መትረየስ ተኳሽ ናቸው። እሳቸው ግን ሲጠየቁ «የለም፣ የሞርታር ጥይት ተሸካሚ ነበርኩ» አሉ። አጎቴ ቅር አለው። መትረየሱ እንዲገባ ልጁን ለመነው። ልጁ በትህትና «ጋሼ፣ የእሳቸውን ቃል ነው የምጽፈው» ብሎ እምቢ አለ። ለእኔ የሚታየኝ በዚያ ብርድ ሽቅብ ጥይት ተሸክሞ ሲወጣ የኖረ ወጣት ነው። መትረየስ ምን ያደርግለታል?

አያቴን ብቻ አናግሮ አልሄደም። አያቴ የሚተኙበትን ሰዓት ጠብቆ ባለቤታቸውን እማማን ለብቻቸው አናገራቸው። ሐምሌ 1945 ላይ ተኩስ ቆመ ቢባልም እሳቸው ቤት ሌሊት ሌሊት ለዓመታት አልቆመም ነበር። ይህም ተጠርዟል፤ አያቴ ራሳቸው ሰምተው ይግባ ስላሉ።

እንከን የለበትም አልልም። ይዘገያል። ከፋሲካ በፊት ብሎን ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው ያመጣው፤ ስልክም ቶሎ አያነሳም። ክፍያውን በግልጽ ቀድሞ ይናገራል፣ አቅም ለሌለው ደግሞ ይቀንሳል። ዘማቹ ብቻውን የሚኖር ከሆነ ምንም እንደማይቀበል ከሌሎች ሰምቻለሁ።

ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። እማማ «እንደ ወለድኩት ነው» ብለውሃል።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣለሁ። የኮሪያ ዘማቾቹ ዘጠናን የተጠጉ ወይም ያለፉ ስለሆኑ «ከበዓል በኋላ» አትበሉ። የኮሪያ ብቻ አይደለም፤ የኮንጎም የኦጋዴንም ዘማች ይቀዳል። እስኪመጣ ድረስ የቆዩ ፎቶዎችን አሰባስቡ፣ ጀርባቸው ላይ ግን በእስክሪብቶ ምንም አትጻፉ። የሥራ መታወቂያ፣ የማኅበር ደብተር፣ የጡረታ ወረቀት ካለ አዘጋጁ። ክፍሉ ውስጥ ሰው አይብዛ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል።